ፔጆ 404 ከሐረር መንገድ ልትጠፋ ነው? የአባቴን መኪና ምን ላድርጋት?

የፔጆው ልጅ (ሐረር)

ሰላም ጀመዓ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። በመኪና ነገር የምታውቁ ምከሩኝ።

አባቴ የታክሲ ሹፌር ነው። በ1974 ዓ.ም. ከሌላ ሰው እጅ የገዛት፣ እ.ኤ.አ. የ1967 ምርት የሆነች ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404 አለችው። እኔንም ሦስቱን እህቶቼንም አብልታ ያስተማረችን እሷ ናት። ከአራት ወር በፊት ከሸዋ በር ሰው አድርሶ ሲመለስ ሙቀቷ ሽቅብ ወጣ፣ ከኋላ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ አጠፋት። ሰፈር ልጆች ገፍተው ግቢ አስገቧት። ከዚያ ወዲህ ቆማለች።

አባቴ 78 ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ፍሪሲዮን አላስረግጥ ብሎታል። ግን አሁንም ማታ ማታ ኮፋኖዋ ላይ አሮጌ ጋቢ ያለብሳል፤ ጠዋት ይገፍና በመስታወቷ ላይ ያደረውን ጤዛ በመዳፉ ይጠርጋል። ከዚያ ይገባና ይቀመጣል። ቁልፍ አያዞርም። ከመሪው ስር ያለችውን የማርሽ ዘንግ ይይዝና አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያደረገ ቀስ ብሎ ያመላልሳታል። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ማየቴን የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሁን ሦስት ሰዎች መጥተዋል። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው፤ ጥሩ ገንዘብ ጠርቷል። ሁለተኛው እዚሁ ያለ መካኒክ ነው፤ «የፔጆ ሞተር ተረት ሆኗል፣ የኮሮላ ሞተር ልግጠምላችሁ» ይላል። ሦስተኛው ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ነው፤ በኪሎ።

ልጅ ሳለሁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ፔጆ ከፔጆ ጎን ተጠግቶ ይሰለፍ ነበር። ባለፈው ዓርብ እዚያው ቆሜ ለአንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። አራት አየሁ። ባጃጁን መቁጠር አልጀመርኩም።

አባቴን «ምን እናድርግ?» ስለው «የእናንተ ናት» ብሎ ዝም አለ። ይሄ ዝምታው ነው የከበደኝ።

ደንገጎ (ድሬዳዋ)

አቦ እንዳትሸጣት! ወላሂ እንዳትሸጣት።

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ኪሎ ሜትሩ አይደለም ወሬው፣ የደንገጎ ዳገት ነው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ እየተጠማዘዝክ ከ2,000 በላይ ትወጣለህ። በልጅነቴ ከአጎቴ ጋር በ404 ስንወጣ ስምንት ሰው ጭነን፣ ላይ ፖርቶመጋላው ላይ የአወዳይ ሴቶች ባዶ ቅርጫት ታስሮ፣ አዲስ መኪና ቆሞ ውኃ ሲጠብቅ እኛ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረምን እናልፍ ነበር። አጎቴ አንድም ቀን «ትወጣ ይሆን?» ብሎ ሲጠራጠር አልሰማሁም።

ቶርኖ ቤት (ድሬዳዋ)

የፔጆው ልጅ፣ ሰላም ለአባትህ በልልኝ። ሠላሳ ዓመት በላይ ቶርኖ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ከሞተር ሁሉ እጄ አብዝቶ የነካው የዚህችን መኪና ሞተር ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ «የፔጆ ሞተር ተረት ሆኗል» ያለህን ሰው አትስማው። 1,618 ሲሲ ባለ አራት ፒስቶን ናት። ኮፋኖ ስትከፍት ሞተሩ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ተጋድሞ ታየዋለህ፤ ኮፋኖው ዝቅ እንዲል ብለው ነው። ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይ ክዳን) አልሙኒየም፣ ብሎኳ ብረት ነው። ዋናው ቁም ነገር ካሚቻዋ ነው፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር። የብዙ መኪና ካሚቻ ከብሎኩ ጋር አንድ ነው፤ ሲበላ ብሎኩን ታስቦርሳለህ፣ ደግሞ ታስቦርሳለህ፣ በመጨረሻ ትጥለዋለህ። የ404 ካሚቻ ግን ለብቻው የሚወጣ ነው፤ ውኃው በቀጥታ ዙሪያውን ይነካዋል። አራቱን ካሚቻ ከነፒስቶኑና ከነፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ስትቀይር ያ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ብሎክ እንደገና ይጀምራል። ሐረር ውስጥ እስካሁን የቆየችው ስለምንወዳት ብቻ አይደለም፣ ለጥገና ተብላ የተሠራች ስለሆነች ነው።

ሁለተኛ፣ የኮሮላ ሞተር ነገር። ሞተሩን ልታስቀምጠው ትችላለህ። ግን በ404 ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚሄደው፤ ያ ቱቦ ደግሞ ካምቢዮው ጀርባ ላይ በቡሎን ታስሯል። የሌላ መኪና ካምቢዮ ስታመጣ ቱቦውን የሚይዝልህ ነገር የለም። ስለዚህ ቱቦው ይወጣል፣ ከዚያ የኋላው አክስል ይወጣል፣ ከዚያ ሱስታው አብሮ ይቀየራል። ስትጨርስ በእጅህ የቀረው የፔጆ ቆርቆሮ ነው። ሊብሬ ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም አይገጥምም፤ ቦሎ ልታወጣ ስትሄድ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ጥያቄ፦ ዘይቱን አይታችሁታል? ዲፕስቲኩን አውጥተህ መልኩን ንገረኝ። ሳታይ አትንገረኝ።

የፔጆው ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በስልክ መብራት ወጥቼ አየሁት። ዘይቱ ጥቁር አይደለም። ወተት የበዛበት ማኪያቶ ነው የሚመስለው። ራዲያተሩ ደግሞ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ቶርኖ ቤት

ውኃ ዘይት ውስጥ ገብቷል። ወይ የቴስታታው ጋስኬት ነው፣ ወይ ከካሚቻው እግር ስር ያለችው ስስ ማሸጊያ። ሁለቱም ይሠራል። ቴስታታው ካልተሰነጠቀ አብሽር፤ አራት ወር የከበደህ ነገር የሁለት ቀን ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እለምንሃለሁ። ቴስታታው ከተነሳ በኋላ ማንም ሞተሩን እንዳያዞር። ካሚቻዎቹን ቁጭ አድርጎ የያዛቸው በቡሎን የተጠበቀው ቴስታታ ነው። እሱ ሲነሳ ሞተሩን ብታዞር ፒስቶኑ ካሚቻውን ይዞት ከፍ ይላል፣ ደህና የነበረው ማሸጊያ ሁሉ ይበጠሳል። አንድ ችግር ይዘህ ገብተህ በአራት ትወጣለህ። እኔ የማውቃቸው ጎበዝ ልጆች በዚህ አንዲት ስህተት ስንት ፔጆ ገድለዋል። በቡሎንና በብረት ቁራጭ ካሚቻዎቹን ቀፍድዶ መያዝ ነው። አባትህ ይህን ያውቃል፤ ጠይቀው።

ከዚራ (ድሬዳዋ)

ክሩን በደስታ ነው ያነበብኩት። ቶርኖ ቤት ስለ ሆዷ ነገረን፣ እኔ ስለ ዘሯ ልናገር።

404 እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የወጣችው። ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ያቺ ከኋላ ሹል የምትል ክንፏ የእሱ እጅ ናት። ይኸው ቤት በዚህችው መኪና ላይ ኩፔና ካብሪዮሌ ሠርቷል፤ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው። በዓለም ላይ በጠቅላላው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ፈረንሳይ ውስጥ የቤቷ መኪና እስከ 1975፣ ፒክአፗ እስከ 1988 ተመርቷል።

የታክሲ መኪና ብቻ ናት የሚል ካለ ደግሞ ይሄን ይስማ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አራት ጊዜ አሸንፋለች፦ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968። በፋሲካ ሰሞን፣ ዝናብ ሲጀምር፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጭቃና አቧራ ነው የሚነዳው። በ1963 ከተነሱት 84 መኪኖች ወደ መጨረሻው መስመር የገቡት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ከሰባቱ ፊት የገባችው 404 ናት። በ1968 ከ93 ተነሺ እንደገና ሰባት ብቻ ገቡ፤ እንደገና 404 አንደኛ። ለእኔ የስፖርት መኪና ማለት ይህ ነው። አባትህ ግቢ ውስጥ ያለችው የ1967 ምርት የዚያ ዘመን ሻምፒዮን እህት ናት።

እኛ አካባቢ ለምን በዛች ለሚል ደግሞ ካርታ ማየት ይበቃል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ደረሰ፤ ከተማችን የተወለደችው ከሐዲዱ ጋር ነው። ያኔ ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ ባቡሩ የፈረንሳይ፣ የወርክሾፑ ቋንቋ ፈረንሳይኛ። የፈረንሳይ ዕቃ ለመክፈት የሚያስፈልገው እጅ እዚህ ነበር። ለገሀር ዎርክሾፕ የሠለጠነ ሰው ሎኮሞቲቭ ከፈታ ፔጆ አይከብደውም።

ባለ ሦስት እግር (ሐረር)

ሁላችሁንም አከብራለሁ። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝና የእኔንም ስሙኝ።

ተሳፋሪ ፍቅር አይከፍልም። ከፈረስ መጋላ እስከ ቀበሌያቸው የሚሄዱ እናት አትክልት ይዘው ሲቆሙ የሚያዩት ማን ርካሽ እንደሆነ ነው። የእኔ ባጃጅ በአንድ ሊትር የምትሄደውን ያህል ፔጆ አትሄድም። ቤንዚን ፍለጋ ሌሊት ተሰልፌ ያደርኩባቸው ቀናት አሉ፤ ያን ሌሊት ለፔጆ ታንክ ስትሰለፍ አስበው። መለዋወጫ እኔ በአንድ ቀን አገኛለሁ።

ደግሞም ነገሩ ከእኔም ከእሷም እያለፈ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ውድ ሆነ። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አሁን የሚመጣው የኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ የ404 ጠላት ባጃጅ አይደለም፣ ጊዜ ነው። አባትህን ግን አውቃቸዋለሁ መሰለኝ፤ ገና ስጀምር መንገድ ላይ ጎማዬ ፈንድቶ ቆመው ክሪክ ሰጥተውኛል። ያኔ ለእኛ ለባጃጆች ፊት የማይሰጥ ሹፌር ብዙ ነበር። እሳቸው ወርደው አብረውኝ ፈቱ።

ቶርኖ ቤት

ባለ ሦስት እግር እውነቱን ነው፤ ስለ ገንዘቡ የሚከራከረው የለም። እኔ ግን አንድ ቃል ልጨምር። ሰው «መለዋወጫ ጠፋ» ሲል እሰማለሁ። ለእኔ የጠፋው መለዋወጫ አይደለም። ፓሪስም ካይሮም ናይሮቢም ዕቃዋ አለ፤ 504 እንኳ ሞተሩ ከዚህችው የተወለደ ነው፣ የፒስቶኑን ምልልስ ከ73 ወደ 81 ሚሊ ሜትር አርዝመው 1,796 ሲሲ ያደረጉት፤ ያ ሞተር እንዳለ 404 ላይ ይገባል። የጠፋው የሚያውቅ ሰው ነው።

ለምሳሌ ዲፈረንሻሉ። የሌላ መኪና ጥርስ ብረት በብረት ነው፤ የዚህችኛዋ የብረት ጠመዝማዛ ዘንግ ነሐስ ጥርስ ላይ የሚሽከረከርበት ነው። ለዚህ ነው ዝም የምትለው። ለከባድ ጭነት ተብሎ ኬሚካል የተጨመረበት የዘይት ዓይነት ነሐሱን ይበላዋል። ይህን የማያውቅ ልጅ በቅንነት «ምርጡን ዘይት ሞላሁልዎት» ብሎ ያስረክባል፤ ከዓመት በኋላ ሲከፈት ታች የሚገኘው የወርቅ ዱቄት የመሰለ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ያን ዱቄት ጨርቅ ላይ ስታፈሰው ሆድህ ነው የሚባባው።

ቬንትሌተሯም እንደዚሁ። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ በማግኔት ተይዛ እንድትዞር ሆና ነው የተሠራችው። ሽቦዋ ሲበላሽ ብዙ ሰው ወይ ዝም ብሎ ይተዋታል፣ ያኔ ደንገጎ ላይ ትፈላለች፤ ወይ በቡሎን ቆልፎ ሁልጊዜ እንድትዞር ያደርጋታል። የፔጆው ልጅ፣ የአባትህ መኪና የሞቀችው ከዚህ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ጋስኬቱን ቀይረህ ይህን ካላየህ ተመልሳ ትቃጠላለች።

አሁን ይህን የሚያውቅ ከእኔ በታች ስንት ልጅ አለ ብትሉኝ፣ እኔ ጋ የሚሠራው አንድ ነው። እሱም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ሥልጠና ልሂድ ብሎኛል፤ ሂድ ነው ያልኩት። መብላት አለበት።

የመኪና ግርግር ልጅ (ሐረር)

ስለ ሞተር አላውቅም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጀጎል ውስጥ። ግን የመጀመሪያ ልጄን ያማጥኩት 404 ኋላ ወንበር ላይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ባሌ ሮጦ የቀሰቀሳቸው ሹፌር በሽርጥ ነው የመጡት፣ ሸሚዝ እንኳ አልለበሱም። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ እናቴ ተቀምጣ እኔ ጭኗ ላይ ራሴን አድርጌ ተዘርግቼ ሄድኩ። ድንጋዩ መንገድ ላይ እንኳ አላንገላታችኝም፣ ትንሳፈፋለች ነው የምላችሁ። ሆስፒታል በር ላይ ደርሰን ገንዘብ ስንሰጣቸው «ለሕፃኑ ልብስ ግዙበት» ብለው አልቀበልም አሉ።

አሁን ያ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ሲነግሩት «የትኛዋ ነበረች?» እያለ የቀሩትን ፔጆዎች ያያል።

እኔ የምለው፣ ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ የተመዘገበው ግንቡና በሮቹ ብቻ አይደሉም ብለን ተምረናል፤ ሰዉና ኑሮው ጭምር ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ፎቶ የሚያነሳው አንዱ ፔጆ ነው። ታዲያ ሆቴል በር ላይ አበባ ተክለውባት ቆማ እንዳላያት። እየሄደች ትሁንልኝ። ለሠርግም ይሁን፣ ለእንግዳም ይሁን፣ ትሂድ ብቻ።

ከሀገር ውጭ (ቶሮንቶ)

የሸንኮር ልጅ ነኝ። የፔጆው ልጅ፣ የሚያስፈልግህን ማሸጊያና የቴስታታ ጋስኬት ዝርዝር እዚህ ጻፍልኝ። በመጪው ወር እህቴ ወደ ሀገር ቤት ትመጣለች፤ ክብደቱ ኢምንት ነው፣ በእጇ ይዛ ትመጣለች። ከፈረንሳይ አስመጣለሁ፣ እዚያ የ404 ወዳጆች ዕቃውን ይሸጣሉ። ዋጋውን አታንሳብኝ። አባቴም የነዳው 404 ነው፤ እኛ ግን በ1980ዎቹ ሸጥናት። የሸጥነው ቤተሰቡ ከሀገር ሊወጣ ስለነበረ ነው፣ አማራጭ አልነበረንም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ቁልፏ ኪሱ ውስጥ ነበር። ለገዢው አንዱን ቁልፍ ነበር የሰጠው።

ደንገጎ

@ከሀገር ውጭ፣ ወላሂ አስለቀስከኝ።

የፔጆው ልጅ

ለሁላችሁም ምላሽ ሳልሰጥ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ይቅርታ። ሥራ ላይ ነበርን።

የቶርኖ ቤትን ጽሑፍ አትሜ ለአባቴ አነበብኩለት። ስለ ካሚቻው ሳነብ አቋረጠኝና «መያዣዎቹ አሉኝ፣ የስልሳ አንዶቹ» አለ። ምን እንደሚል አልገባኝም ነበር። ከመኝታ ቤቱ አልጋ ስር የቆርቆሮ ሳጥን አወጣ፤ ውስጡ ራሱ ያሠራቸው አራት የብረት መያዣዎች፣ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ። በ1961 ለሌላ ሰው መኪና ሲነዳ ከአንድ የባቡር ሠራተኛ ተምሮ ያሠራቸው ናቸው። 57 ዓመት ሙሉ።

ቴስታታውን ያነሳነው ቅዳሜ ነው። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እኔና የታላቅ እህቴ ልጅ እጃችንን ሰደድን። 16 ዓመቷ ነው፤ ልጅቷ። የቡሎኖቹን ተራ በካርቶን ላይ ስላ፣ እያንዳንዱን የወጣበት ቦታ ላይ እየወጋች አስቀመጠች። አባቴ እሷን ሲያይ የነበረው ፊት ለረጅም ጊዜ ያላየሁት ነው። ጋስኬቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፒስቶን መካከል ተበልቶ ተገኘ። ቴስታታው አልተሰነጠቀም፣ ትንሽ ተጣሟል። ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጠሁት (ጋሼ፣ ገንዘብ እንቢ ስላሉኝ አሁንም እያፈርኩ ነው)። ቬንትሌተሩም እንዳሉት ነበር፤ ማግኔቱ ደህና ነው፣ ሽቦው ነው የተቆረጠው።

ለአዲስ አበባው ሰው ደውዬ አልሸጥም አልኩት። ቅር አላለውም። ማሸጊያዎቹ ትናንት ከቶሮንቶ ደረሱ፤ ፖስታው ላይ «ለአባባ» ተብሎ ተጽፏል።

ለታክሲ ሥራ አትመለስም። ባለ ሦስት እግር ያለው እውነት ነው፣ ሒሳቡን ሠርተነዋል፣ አይወጣም። ለሠርግና ለእንግዳ ትሠራለች፤ ሁለት ሰው ከወዲሁ ለጥር ይዟታል። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ድሬ ወርዳ ጋሼ ጋ ልትማር ጠይቃለች። ከፈቀዱ።

ነገ ጠዋት እንገጥማለን።

ቶርኖ ቤት

ትምጣ። የደርዘን ቁልፍና የሥራ ልብስ ይዛ ትምጣ፣ ሌላው እዚህ አለ።

ነገ ስትገጥሙ፦ የቴስታታውን ቡሎን ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር ነው የምታጠብቁት፣ በአንዴ አይደለም። ካሚቻዎቹ ከብሎኩ ፊት እኩል ብቅ ማለታቸውን በማስመሪያና በስፔሲሜትር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) ለኩ፤ አንዱ ዝቅ ካለ ጋስኬቱ ተመልሶ እዚያው ይበላል። ያ ማኪያቶ ዘይት ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ ፊልትሮውም ይቀየር። 1,000 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ስትቀዘቅዝ ቡሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ።

መጀመሪያ ስትነሳ ቁልፉን አባትህ ያዙር።